ከሞተ በኋላ መስማት የጀመረው ሰዓት ሠሪ

የእታለም ባል ሰዓት ሠሪ ነበር። በሕይወት ሳለ ከሚነገረው ግማሹን አይሰማም ነበር። ከሞተ ወዲህ ግን የማይሰማው፣ የማያየው፣ የማያውቀው ነገር የለም። እንዲህ ያለ ሹመት በቁሙ አግኝቶ አያውቅም።

እታለም ታላቅ እህቴ ናት፤ ልብስ ሰፊ። ከስፌት መኪናዋ ፊት ከተቀመጠች አርባ ዓመት ሊሞላት ነው። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የነርስ ጋውን፣ የዘበኛ ካፖርት፣ በሰው ትከሻ ላይ የሚውል ነገር ሁሉ በእጇ አልፏል። ስለዚህ ሰው ስታይ ከፊቱ በፊት ትከሻውን ታያለች። አንድ ጊዜ ስለ አዲሱ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር "እንዴት ያለ ሰው ነው?" ብላት፣ "ቀኙ ከግራው በሁለት ጣት ይወርዳል፤ ሌላው ደህና ነው" አለችኝ።

ባሏንም ያገኘችው በልብስ ነው። ሰደርያው ላይ ለሰዓት የምትሆን ኪስ አድርጊልኝ ብሎ መጣ። "ነገ ና" አለችው። ስላልሰማ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። እሷ ስትሰፋ እሱ ሲጠብቅ ቀኑ አለቀ። "እንዲህ የሚጠብቅ ወንድ አይቼ አላውቅም ብዬ አገባሁት" ትላለች። አለመስማቱን በደንብ ያወቀችው ከተጫጩ በኋላ ነው።

ግራ ጆሮው በልጅነቱ በትኩሳት ጠፍቷል። ቀኙ ከዓመት ዓመት እየደከመ ሄዶ፣ በመጨረሻ የሚሰማው በቀኙ በኩል ቆመው ሲጮሁለት ብቻ ሆነ። ለሥራው አልቸገረውም። ሰዓት መምታት አለመምታቷን የሚያረጋግጠው ነክሶ ነበር፤ በፊት ጥርሶቹ ያዝ ያደርጋትና ዓይኑን ጨፍኖ ምቷን በአጥንቱ ያዳምጣል። አዲስ ደንበኛ በመስኮት ሲያየው ይደነግጣል። "ኧረ ሰውዬው ሰዓቴን ሊበላው ነው!" ያለም ነበር። ለወሬ ግን ጥርስ አይጠቅምም። ልጆቹ ስንተኛ ክፍል እንደ ደረሱ አያውቅም ነበር። የጎረቤት ስም አያውቅም ነበር። ሲያናግሩት ፈገግ ብሎ "እሺ፣ እሺ" ይላል። በዚህ እሺታው ሁለት ጊዜ የሠፈር ኮሚቴ አባል ሆኖ ተመርጧል፤ አንድ ጊዜም ሳያውቀው የሰው ሚዜ ሆኗል።

ከዚያ ሞተ። ልቡ ነው። ጠረጴዛው ላይ እንዳጎነበሰ፣ ማጉያ መነጽሩ ዓይኑ ላይ እንደ ተሰካ። እታለም ሻይ ይዛ ገባች፤ ዝም ማለቱ አዲስ ነገር ስላልሆነ ሻዩን አስቀምጣ ወጣች። ያወቀችው ብርጭቆውን ልታነሳ ስትመለስ ነው።

ሹመቱ የጀመረው በሳምንቱ ነው፤ የሾመችውም ራሷ እታለም ናት። ወንድ ልጇ ጫማውን በሩ ላይ ጥሎ ሲገባ "አባትህ ያያል!" አለችው። ልጅየው ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቢሆንም ደንግጦ ጫማውን አነሳ። አባቱ በሕይወት ሳለ በዚያ ጫማ ተደናቅፎ እንኳ የማን እንደ ሆነ ጠይቆ አያውቅም። ዘዴው ስለ ሠራላት ደገመችው። ሴት ልጇ ለእናቷ ስትመልስ "አባትሽ ይሰማል" ሆነ። እኔ ቁርስ ሳልበላ ልሄድ ስል "ሰውዬው ያዝንብሃል" ሆነ። በአንድ ወር ውስጥ ቤቱን የሚያስተዳድረው እሱ ሆኖ አረፈው።

ታዲያ ሟቹን እያንዳንዳችን በየራሳችን ልክ አሰፋነው።

ሴት ልጇ ነርስ ናት። "አንጎል ደም ካጣ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ መብራት ጠፋ ማለት ነው። ሌላው ተረት ነው" ትላለች። ይህን የምትለው እጇን እየታጠበች ነው፤ ሁሉንም ነገር እጇን እየታጠበች ነው የምትናገረው። የሥራ እድገት ፈተና በነበራት ቀን ግን የአባቷ ፎቶ መስታወት ላይ የከንፈር ቀለም ተገኘ። "አቧራውን ልጠርግ ብዬ ነው" አለች።

ወንዱ ልጅ ደግሞ የአባቱን ብስክሌት በሸጠ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰው ሲሞት እስኪቀሰቀስ ድረስ ጭልጥ ብሎ እንደሚተኛና ምንም እንደማያውቅ የሚያስተምር ሰባኪ አገኘ። ልጁን ለትምህርት እንዲህ ሲጠማ አይቼው አላውቅም። ደብተር ሁሉ ገዛ።

"አጎቴ፣ ትልቅ እረፍት ነው" አለኝ።

"ለማን?"

"ለሟቹ ነዋ!"

ስለ ብስክሌቱ ሁለታችንም አላነሳንም።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ባለቤቴን የቀበርኩት ሰዓት ሠሪው ከመሞቱ ከአራት ወር በፊት ነው። በነገሩ ላይ አቋም የለኝም፤ የጠየቀኝም የለም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእህቴ ልጅ እኔ ዘንድ ተቀምጦ፣ "አጎቴ፣ ዜናው ሊጀምር ሲል ሬዲዮኑን ለምን ቀነስከው?" አለኝ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ጋደም የምትልበት ሰዓት ነበር። "ባትሪው ደክሞ ነው" አልኩት።

ከሁላችን በላይ ያመነችው ግን የሰዓት ሠሪው ታላቅ እህት ናት። ሠፈሩ "እትዬ አዋጅ" ይላታል፤ በፊቷ "እትዬ" ብቻ። እናታቸው ቀድማ ስለ ሞተች ወንድሟን ያሳደገችው እሷ ናት። የማይሰማ ልጅ ስታሳድግ የለመደችው ድምፅ በዚያው ቀረ። በጆሮህ የነገረችህን ምስጢር ከመንገድ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ይሰማዋል፤ አንዳንዴም አስተያየት ይሰጥበታል። እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ብቻዋን መቃብር ትሄዳለች። እሑድ መልስ ይዛ ትመጣለች።

"በሕልሜ መጣ። የግቢው በር ይቀባ ብሏል።"

"በሕልሜ መጣ። ያ ዛፍ ይቆረጥ ብሏል።"

ሰዓት ሠሪው በሕይወቱ ስለ ዛፍ ሐሳብ ኖሮት አያውቅም።

የሥራ ክፍሉ ቁልፍ ያለው እሷ ዘንድ ነው። በቀብሩ ዕለት ቤቱ ሰው ሲሞላ፣ ውስጥ የደንበኞች ሰዓት ስላለ እታለም በሩን ቆልፋ ቁልፉን "እትዬ፣ ለዛሬ ያዢልኝ" ብላ ሰጠቻት። እትዬ በክር አስራ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። ከዚያ ወዲህ አልወረደም። ደንበኞቹ ሰዓታቸውን ሊወስዱ ሲመጡ እሷው ከፍታ፣ እሷው አስረክባ፣ እሷው መልሳ ቆለፈች። "ክፍሉ እንደ ተወው ይቆያል። አንዲት ወረንጦ እንዳትነሳ" አለች።

እታለም ዓይኗ ባይደክም ኖሮ ይህንንም ትችለው ነበር። የምትሰፋው ጓዳ ውስጥ ነው። የጓዳው መስኮት ደብተር የምታክል ናት፤ የምታሳየውም የጎረቤት ግድግዳ ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በአምፖል ትሰፋለች። የዓይን ሐኪሙ መነጽር አዘዘላትና፣ "ከዚህ ይልቅ የሚጠቅምሽ የቀን ብርሃን ነው። በአምፖል ጥቁር ጨርቅ መስፋት ካላቆምሽ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ መስፋቱ ራሱ ያቆምሻል" አላት። በቤቱ ውስጥ የቀን ብርሃን ያለበት አንድ ክፍል ብቻ ነው። ሰዓት ሠሪ በጨለማ አይሠራምና፣ ሰፊ መስኮቱ መንገዱን የሚያየው፣ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ የሚገባበት ያ የተቆለፈው ክፍል። የሞተው በብርሃን፣ ያለችው በጨለማ ሆነው ከረሙ።

አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን ጠየቀቻት።

"እትዬ፣ ቁልፉን ስጪኝ። መኪናዬን ወደዚያ ላዛውር።"

"ጠየቅሽው?"

"ማንን?"

"እሱን ነዋ! ክፍሉ የማን ሆነና?"

"እትዬ፣ ሞቷል እኮ።"

"አንቺው አይደለሽ 'ያያል' ያልሽው! ለልጅሽ ጫማ ዓይን ያለው ሰው ለገዛ ወንበሩ ዓይን የለውም?"

እታለም በራሷ መቀስ ተቆረጠች።

ልጇ በዚያው ቀን መዶሻ ይዞ መጣ። "እማ፣ ልስበረው። አባዬ ተኝቷል፤ ምንም አያውቅም።"

"እሱ ባያውቅ እሷ ታውቃለች" አለችው። "ሁለት ቤት አልፋ ነው የምትኖረው። በሩን ሰብሬ ነገ ጠዋት እንዴት አደርሽ እላታለሁ?"

መዶሻው ወደ ቦታው ተመለሰ። ወራት አለፉ። ትምህርት ሊከፈት ሲቃረብ የዩኒፎርም ሥራ ተከመረ፣ እታለምም አንገቷን ደፍታ ከአምፖሉ ሥር ገባች። አንድ ጠዋት አንዲት እናት ሸሚዝ ይዛ መጣች። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አሳየቻት፤ ሁለቱም እጅጌ የግራ ነው።

"እታለም፣ ልጄ ሁለት ግራ እጅ የላትም" አለች ሴትዮዋ፤ ቀልዳ ነው፣ ክፉ ሰው አይደለችም።

እታለም ሳቀችላት። ሸሚዙን አጥፋ አስቀመጠችው። ከዚያ በኋላ ያን ቀን መኪናዋን አልነካችም። በማግስቱ ሁለት ቤት አልፋ ሄዳ፣ "እትዬ፣ እሺ። እንጠይቀው" አለች።

እትዬ ደስ አላት። ሥርዓቱን ያወጣችው እሷ ናት፤ ቤተሰቡን ሰብስባ አነበበችልን ማለት ይቻላል፣ ያውም ያለ ወረቀት። "ቅዳሜ ዓመቱ ይሞላል። ሁላችሁም ባላችሁበት እጠይቀዋለሁ። እስከ ሌላው ቅዳሜ ካልተቃወመ ቁልፉ ያንቺ ነው።"

"ሲቃወም በምን እናውቃለን?" አለች ነርሷ።

"በሕልም።"

"በማን ሕልም?"

"በእኔ ነዋ! በአንቺማ ምን ሊሠራ ይመጣል? መብራቱ ጠፍቷል ብለሻል።"

ቅዳሜ አምስት ሆነን ሄድን። ነርሷ ከአዳር ሥራ ወጥታ በቀጥታ መጣች። ወንዱ ልጅ "እኔ የምመጣው ምንም እንዳልሆነ ለመመስከር ነው" ብሎ ደብተሩን ይዞ መጣ። እኔ የእትዬን መቀመጫ ተሸከምኩ። መቃብሩ ጠባብ መንገድ ዳር ነው፤ ከኋላው አጥር አለ። የስሙ ድንጋይ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ቆሟል። እትዬ ወደ ድንጋዩ ተጠግታ፣ ቦታውን እንደሚያውቅ ሰው በአንዱ ጎን ጉልበቷን አጠፈች።

"ቀኝ ጆሮው በዚህ በኩል ነው" አለችን፣ እንግዳ እንደምታስተዋውቅ። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

"ወንድሜ! እኔ ነኝ! ሁሉም መጥተዋል! ሚስትህ ክፍልህን ትፈልጋለች! ዓይኗ ደክሟል! የስፌት መኪናዋን ልታስገባበት ነው! ቅር የሚልህ ከሆነ አሳውቀኝ! እስከ ቅዳሜ ነው!"

አጥሩ ላይ የነበሩት እርግቦች ተነሱ። ሦስት መቃብር አልፎ አበባ ያስቀምጥ የነበረ ሰውዬ አበባውን እንደ ያዘ ወጣ።

በአጠገባችን ሣር ያጭድ የነበረው መቃብር ቆፋሪ ማጭዱን አስቀምጦ መጣ። ባርኔጣውን አወለቀ።

"እማማ፣ ዓመት ሙሉ ልጠይቅዎት እያልኩ፣ ቅር እንዳይልዎት ብዬ ተውኩት። ለምንድን ነው እግሩ ሥር ሆነው የሚጮሁት?"

"የምን እግር?"

"የእሱ እግር። ራሱ እዚያ ማዶ በአጥሩ በኩል ነው። የቀበርኩት እኔ ነኝ። ድንጋዩን የተከለው ሰውዬ በራሱ በኩል ባቆመው ከመንገድ አይነበብም ብሎ በእግሩ በኩል አቆመው። በዚህ መደዳ ግማሾቹ እንደዚያው ናቸው።"

እትዬ ከድንጋዩ ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ ድንጋዩ አየች።

"ቀኝ ጆሮውስ?"

መቃብር ቆፋሪው ጀርባውን ለአጥሩ ሰጥቶ ቆመ። በሐሳቡ ተጋደመ መሰለኝ፤ እጆቹን ዘረጋ፣ አንዱን አነሳ፣ ሌላውን አነሳ። "ቀኙ እንግዲህ... በዚያኛው ጎን ነው" አለ። "በሁለቱም ነው የሳቱት።"

ነርሷ ሳቋን ይዛ ወደ አጥሩ ዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ወንዱ ልጅ ደብተሩን አፉ ላይ አደረገ። እኔም ከመቀመጫው እግር ጋር የምሠራው ነገር ያለኝ መሰልኩ።

እትዬ ግን አልጮኸችም። እሷን ካወቅኋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቀስ ባለ ድምፅ፣ "ዓመት ሙሉ?" አለች። መቃብሩ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

መቃብር ቆፋሪው መናገሩ ጸጸተው። "እማማ፣ አይዘኑ እንጂ። ቅዳሜ ቅዳሜ 'ይቅር በለኝ፣ ይቅር በለኝ' ሲሉ እኮ በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ሁሉ ይሰማል። ያልሰማዎት ማን አለ?"

"እሱ" አለች እትዬ።

ሳቁ እዚያ ላይ ቆመ። "የምን ይቅርታ?" አለቻት እታለም።

እትዬ እያየችን አልነበረም። "ከመሞቱ አራት ቀን በፊት ነው" አለች። "የግድግዳ ሰዓቴን ከሰጠሁት ሦስት ወሩ። መስኮቱ ጋ ቆሜ ብጣራ ብጣራ ቀና አላለም። ተናደድኩ። 'አንተ ደንቆሮ! አንተን ሳሳድግ ዕድሜዬን ጨረስኩ!' አልኩት። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እሱ አጎንብሶ ቀረ። ሰምቶ ይሁን ሳይሰማ አላውቅም። ሰምቶ ከሆነ ያን ይዞ ነው የሄደው።" ክሩን ከአንገቷ ላይ ያዘችው። "ክፍሉ እንደ ነበረ ከቆየ፣ አንድ ቀን ገብቼ ወንበሩ አጠገብ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ገብቼ መቆም አቃተኝ። እዚህ ይሻላል አልኩ። ይኸው፣ እዚህ ደግሞ ለእግሩ ነው የነገርኩት።"

ወንዱ ልጅ ደብተሩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ጎንበስ አለላት።

"አክስቴ፣ ነፍስ እኮ ራስና እግር የላትም። ከሰማች ከየትም በኩል ትሰማለች።"

"አንተ ተኝቷል አላልክም?"

"ተኝቷል... ግን እንቅልፍም እኮ ዓይነት አለው።"

ነርሷ ዓይኗን ጠርጋ ተጠጋች። "መስማት የተሳናቸው ሰዎች ድምፅን በእግራቸው ይሰሙታል፣ አክስቴ። ንዝረት ይባላል። አባዬም ሰዓት በጥርሱ ነበር የሚሰማው። እንዲያውም በእግሩ በኩል መቆምሽ..."

"መብራቱ ጠፍቷል አላልሽም?"

"ንዝረት መብራት አይፈልግም።"

"ተዉኝ በእናታችሁ!" አለች እትዬ። "በደህናው ጊዜ ፊት ለፊቱ ቆሜ ስጮህ ያልሰማ ሰው፣ አሁን ያ ሁሉ አፈር ተጭኖት በተረከዙ በኩል ይሰማኛል?"

ነገሩ ተገለባብጦ አረፈው። ዓመት ሙሉ ከመቃብር መልስ ስታመጣ የነበረችው ካደች፤ የማናምነው ደግሞ ዙሪያዋን ቆመን እንሰብካታለን። መቃብር ቆፋሪውም "ይሰማሉ እማማ፣ እኔ እዚህ ስኖር የማውቀው አለኝ" እያለ ያግዘን ጀመር። ምን እንደሚያውቅ የጠየቀው አልነበረም።

ያልሰበከችው እታለም ብቻ ናት። ሄዳ ከእትዬ አጠገብ ጠርዙ ላይ ተቀመጠች። ቀሚሷን ከጉልበቷ በታች ሳበች።

"እትዬ፣ ያን ቀን ያልሽውን አልሰማም።"

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ?"

"ለሻይ ሲገባ ነገረኝ። 'እህቴ መስኮቱ ጋ መጥታ አፏ ሲንቀሳቀስ አየሁ። በግራዬ በኩል ነበረች። ቀና ብል ሌላ ሥራ ታዘኛለች ብዬ አጎነበስኩ' አለኝ። እየሳቀ ነበር።"

"እየሳቀ?"

"እየሳቀ።"

"አንድም ቃል ሳይሰማ?"

"አንድም ቃል።"

እትዬ ፊቷን አየቻት፤ ልብስ ሰፊ ጨርቅ ወደ ብርሃን አንስታ እንደምታይ። ከዚያ ከወገቧ ቀና አለች፣ ድምፅዋም ተመልሶ መጣ።

"ታዲያ ዓመት ሙሉ በፀሐይ በዝናብ የተመላለስኩት ምንም ላልሰማ ሰው ነው? ጉልበቴ የጠፋው ለዚህ ነው?"

ተነሳች። መቃብሩን ዞራ ወደ አጥሩ ሄደች። "የቱ ጋ ነው ያልከው?" አለችው ቆፋሪውን። ሮጥ ብሎ ቦታውን አሳያት። በዚያኛው ጎን ቆማ እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ፣

"የግድግዳ ሰዓቴን ሳትሠራው ነው የሞትከው! ሦስት ወር!" አለችው።

ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ክሩን በራሷ ላይ አውጥታ ቁልፉን ለእታለም ወረወረችላት። "እንቺ። ወንበሩን ግን እንዳታነሺ።"

"ሕልሙስ?" አለች ነርሷ፤ አፏን አትችልም። "እስከ ቅዳሜ አልነበረም እንዴ?"

"ማንን ነው የምጠብቀው? ሰውዬው ደንቆሮ ነው!" አለች እትዬ፣ ወደ በሩ መንገድ ጀምራ። ዘበኛው እንደ ሰማ እርግጠኛ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት በሩን ከፈትን። ክፍሉ የታሸገ አቧራና የማሽን ዘይት ይሸታል። ማጉያው ጠረጴዛው ላይ በጎኑ ተኝቷል፤ ወረንጦዎቹ ከትልቅ ወደ ትንሽ ተደርድረዋል። የእትዬ የግድግዳ ሰዓት ሆዱ ተከፍቶ መደርደሪያው ላይ ነበር። እኔና የእህቴ ልጅ መኪናውን በሁለት በኩል ይዘን ስናስገባ፣ ልጁ ወንበሩ ጋ ሲደርስ እንዳይነካው ሆዱን ስቦ በጎኑ አለፈ። መኪናውን መስኮቱ ሥር አስቀመጥነው፣ እሱም ወጥቶ ሄደ።

እታለም መስኮቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው። የመኪናውን ቀበቶ አስተካከለች፣ ዘይት ጠብ አደረገችለት። ብቻችንን ስለ ነበርን ጠየቅኋት።

"እታለም፣ እውነት እንደዚያ ብሎሽ ነበር?"

"ሰምቷታል" አለች። ከመኪናው ቀና አላለችም። "በቀኙ በኩል ነበረች። ያን ቀን ምሳ አልበላም። 'ዕድሜዋን ጨረስኩባት' አለኝ። ሌላ ቃል አልተናገረም፤ በአራተኛው ቀን ሞተ።"

መንገዱ ላይ ሰው ያልፋል። የአንዱ ጥላ በጨርቁ ላይ አልፎ ሄደ።

"ለቁልፉ ብለሽ ነው የዋሸሻት?"

"ለእሷ ብዬ ነው። ለቁልፉም ነው። ሁለቱን ለያይቼ አልሰፋኋቸውም።"

"እሱስ? ትናንት እኮ እዚያው መቃብሩ ላይ ተቀምጠሽ ነው ያላለውን አለ፣ የሰማውን አልሰማም ያልሽው። ከሰማሽስ?"

መርፌውን በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ መጥበቁን አየች።

"ከሰማኝ፣ ደግ አደረግሽ ይለኛል። እኔ ነኝ እንጂ የማልወዳት፣ እሱ ይወዳታል። ካልሰማኝ ደግሞ ኃጢአቱ የእኔ ብቻ ነው፤ ይዤው እኖራለሁ። ምን ይከብዳል?"

ሌላም ልጠይቃት የፈለግኩት ነገር ነበረኝ፤ ስለ ሰዓት ሠሪው ሳይሆን ስለ ባለቤቴ ነበር። ተውኩት። እሷ ጥቁሩን ጨርቅ ዘረጋች፣ በመስኮቱ በኩል ዞር አድርጋ ጠርዙን ፈለገች፣ አገኘችውም። እግሯን ፔዳሉ ላይ አደረገች። እኔ መቀሱን ይዤ ጎኗ ተቀምጬ የተረፈውን ክር ስቆርጥላት ዋልኩ። እስከ ምሳ ድረስ ስድስት ኮሌታ ጨረሰች።